የባለሙያ ዕውቀት ከሰው ጋር እንዳይሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ባሉ ከተሞች ለሚሠሩ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያዎች፣ የክፍል ኃላፊዎችና የፈረቃ አለቆች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከከተማ ውሃ አገልግሎትና ከእህል መጋዘን የተወሰዱ ናቸው። ዘዴው ግን ለላቦራቶሪም፣ ለዘይት መጭመቂያም፣ ለመዝገብ ቤትም ያገለግላል።

የሥራ መመሪያ አለን፣ የሥራ መዘርዝር አለን። ከዚያ ሌላ የምን ዕውቀት ነው የሚጻፈው?

መመሪያ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ደግሞ መመሪያው የማይሠራበትን ቀን ያውቃል።

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አካባቢ በቆሎ የሚረከብ የመጋዘን ሠራተኛ እንይ። መመሪያው «እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ የሆነ አይግባ» ይላል፤ የእርጥበት መለኪያም ተሰጥቶታል። እሱ ግን መለኪያውን ከማውጣቱ በፊት እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ አስገብቶ ሙቀቱን ያያል፤ አንድ ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ቀጭ ብሎ ለሁለት ካለ ደርቋል፤ ጥርስ ሥር ከለመጠ ገና ነው። ጆንያ ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ ሆኖ እንደሚመጣም ያውቃልና ናሙናውን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይወስዳል። ከፀሐይ ላይ ተነሥቶ ትኩሱን የመጣ እህል ሲለካ ንባቡ ሊዛባ ስለሚችል መጀመሪያ ጥላ ሥር ያቆየዋል።

ከዚህ ሁሉ መመሪያው ላይ የሰፈረው 13 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው። ሰውየው በሄደ ማግስት ለመጋዘኑ የሚቀረው ያ ቁጥር ነው። ሻጋታውና ነቀዙ ብቅ የሚሉት ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ደግሞ ጉዳቱን ከእሱ መሄድ ጋር የሚያያይዘው አይኖርም። ጠላ ጠማቂዋ «አሁን ደረሰ» የምትለው ሰዓት አይታ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱም በዓይን፣ በእጅና በጆሮ የሚታወቅ ነገር አለ። የምንጽፈውና የምናስተላልፈው እሱን ነው።

ከየት እንጀምር? ሁሉንም ሥራ እንጻፍ?

አይሆንም። ሁሉንም እጽፋለሁ ብሎ የተነሣ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወር ይሰለቻል። የክፍል ኃላፊዎችን ለግማሽ ቀን ሰብስቡና በየክፍሉ ያሉትን ሥራዎች ዘርዝሩ፤ ከዚያ እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄ ፈትሹ። ይህን ሥራ ሌላ ስንት ሰው ይችለዋል? ባለቤቱ ሳይመጣ ቢቀር በስንት ቀን ጉዳት ይደርሳል? አዲስ ሰው ብቻውን እስኪችለው ስንት ወር ይፈልጋል? ሁለተኛ ሰው የሌለው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ጉዳት የሚያመጣና ከሦስት ወር በላይ ልምምድ የሚጠይቅ ሥራ ቀይ ይቀባ። ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ቀይ ሥራ ይወጣል። ከነሱ ሦስቱን ብቻ ያዙ።

ቀጥሎ የሰው ኃይል ክፍሉ የዕድሜ ዝርዝር ያምጣ። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነውና 57 ዓመት የሞላው ሰው ቀይ ሥራ ላይ ካለ ቅድሚያ የሱ ነው።

በማዕረግ አትምረጡ። ቁልፍ ዕውቀት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ከግምጃ ቤት ጠባቂው፣ ከቧንቧ ሠራተኛው ዘንድ ነው። ኮብል ከተነጠፈ በኋላ የመስመር መዝጊያ ቫልቮቹ የት እንደተቀበሩ የሚያስታውሰው አንድ ሰው ብቻ የሆነባቸው ከተሞች ጥቂት አይደሉም። ሲጠየቅም «ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ሦስት እርምጃ ወደ ታች» ይላል። ወፍጮ ቤቱ የፈረሰ ዕለት ቫልቩም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

(ለዚህኛው መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ቫልቭ ከሁለት፣ ቢቻል ከሦስት ቋሚ ነጥቦች በሜትር ለኩና «ከድልድዩ ግንብ ማዕዘን 4.20 ሜትር፣ ከትምህርት ቤቱ በር ምሰሶ 6.75 ሜትር» ብላችሁ መዝግቡ። የስልክ ጂፒኤስ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። ኮብል ነቅሎ አምስት ሜትር መቆፈር ደግሞ ቀልድ አይደለም።)

ባለሙያው «ይህማ ማንም ያውቀዋል» ይላል፤ ወይም ሲጠየቅ መናገር ያቅተዋል። ምን እናድርግ?

የተለመደ ነው። እጅ የለመደውን አፍ ይረሳዋል። ስለዚህ ቢሮ ጠርታችሁ «ልምድዎን ይንገሩን» አትበሉ፤ የምታገኙት የስብሰባ ንግግር ብቻ ነው። ወደ ሥራው ቦታ ሂዱና ሲሠራ ተመልከቱት። በመጀመሪያው ዙር ዝም ብላችሁ እጁ የሚሄድበትን፣ ዓይኑ የሚያርፍበትን፣ ቆም የሚልበትን ጻፉ። ዕውቀቱ ያለው ብዙ ጊዜ ቆም በሚልበት ላይ ነው።

በሁለተኛው ዙር ጠይቁ። ጥያቄው ትንሽና ከሥራው ጋር የተያያዘ ይሁን፦ «ጋሼ፣ አሁን ምን አይተው ነው የቆሙት?» «ነገ ባይመጡ እኔ የቱ ላይ እሳሳታለሁ?» «አዲስ ሰው እዚህ ላይ ምን ያበላሻል?» «መመሪያው ከሚለው ወጣ የሚሉት መቼ ነው?» የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን አለቃው አጠገብ ቆሞ እያለ እንዳትጠይቁት፤ ከመመሪያ ውጭ እንደሚሠራ አለቃው ፊት የሚናገር የለም።

መልሱ «በልምድ ነው» ከሆነ እዚያ ላይ አታቁሙ። ሁለት ነገር አቅርቡለትና ይለይላችሁ። ይህ የፓምፕ ድምፅ ደህና ነው፣ ያኛውስ? ይህ በቆሎ ይገባል፣ ያኛውስ? ሲለይ ለምን እንደለየ መናገር ይቀለዋል።

የሚጠይቀውና የሚጽፈው ሰው ሥራውን የማያውቅ፣ ግን የማያፍር ወጣት ቢሆን ይመረጣል። የሚያውቅ ሰው ሲጽፍ እሱም «ማንም ያውቀዋል» ብሎ ይዘላል።

ወረቀቱ ምን ይምሰል?

አንድ ገጽ፣ ሦስት ዓምድ፦ ዋና እርምጃ፣ ልብ የሚባለው፣ ምክንያቱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓምዶች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካዎች አዲስ ሠራተኛ በፍጥነት ለማሠልጠን ተጠቅመውባቸዋል፤ የምክንያት ዓምዱ በኋላ የተጨመረ ነው። አከፋፈሉ እስካሁን አላረጀም። የሦስት ፌዝ የጉድጓድ ፓምፕ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንዴት እንደሚነሣ የሚያሳይ ምሳሌ እነሆ፦

1. እርምጃ፦ መብራቱ እንደመጣ አታስነሣ፤ 15 ደቂቃ ጠብቅ። ልብ በል፦ ግፊት መለኪያው መርፌ መንቀሳቀሱን ማቆም አለበት። ምክንያት፦ መብራቱ መጀመሪያ ላይ ይዋዥቃል። መመለሻ ከልካይ ቫልቩ የሚያፈስ ከሆነም በቧንቧው ያለው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ፓምፑን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል፤ በዚያ ላይ ማስነሣት ዘንጉን ሊሰብር ይችላል።

2. እርምጃ፦ ቮልቴጁን በሦስቱም ፌዝ ለካ። ልብ በል፦ ለ380 ቮልት ሞተር ከ342 በታች ከሆነ አታስነሣ። ምክንያት፦ ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፤ ይግላል፤ ይቃጠላል።

3. እርምጃ፦ አስነሣና አምፔሩን አንብብ። ልብ በል፦ ሦስቱ ፌዞች ተቀራራቢ ይሁኑ፤ አንዱ ከአማካዩ ከ5 በመቶ በላይ ከራቀ አጥፋ።

4. እርምጃ፦ ግፊቱንና የሚወጣውን ውሃ ተመልከት። ልብ በል፦ ሞተሩ ደህና እየሠራ ውሃው ካነሰ ፓምፑ ወደ ኋላ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ምክንያት፦ መስመር ሲጠገን ሁለት ፌዝ ተቀያይሮ ከተገጠመ የሞተሩ አዟዟር ይገለበጣል። ብሬከሩን አጥፍተህ ቆልፍና ኤሌክትሪሻን ጥራ፤ ሁለቱን ገመድ ማቀያየር ሥራው የሱ ነው።

5. እርምጃ፦ ሁለት ጊዜ ሞክረህ እምቢ ካለ ተወው። ምክንያት፦ ሞተሩ ሳይበርድ መደጋገም በውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅል ያቃጥላል።

አራተኛው እርምጃ ከፓምፑ ጋር በመጣው መጽሐፍ ቢኖርም እንኳ ያ መጽሐፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የቆየው ኦፕሬተር ግን «መስመር ጠግነው ሲሄዱ ውሃው ይቀንሳል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዞታል። በሌላ ቦታ በዚህ ምክንያት ጉድጓዱ ደረቀ ተብሎ ደህና ፓምፕ ከጉድጓድ ሊወጣ ይችላል፤ ክሬን ኪራዩን የከፈለ ያውቀዋል።

ምክንያት የሚለውን ዓምድ ለማሳጠር ብላችሁ አትቁረጡት። ምክንያቱን የማያውቅ ሠራተኛ ሲቸኩል መጀመሪያ የሚዘለው 15 ደቂቃውን ነው። ወረቀቱ ላስቲክ ተለብጦ ፓኔሉ አጠገብ ይሰቀል። ከታች የጸሐፊው ስም፣ ያጸደቀው፣ ቀኑና ዳግም የሚታይበት ቀን ይጻፍ። አዲስ እትም ሲወጣ አሮጌውን ገንጥላችሁ ጣሉት፤ ሁለት የተለያየ ወረቀት ጎን ለጎን የተሰቀለበት ቦታ አንድም ከሌለበት የባሰ ነው።

በስልክ ቪዲዮ ብንቀርጽ አይቀልም?

እጅና ድምፅ ለሚፈልግ ሥራ ቪዲዮ ከወረቀት ይበልጣል። ስልኩን አግድም ያዙ። ፊቱን ሳይሆን እጁን ቅረጹ። አንድ ቪዲዮ አንድ ሥራ ብቻ ይያዝ፤ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ማንም ተመልሶ አያየውም። ጄኔሬተር ወይም ፓምፕ አጠገብ ከሆናችሁ ንግግሩ አይሰማም፤ ሥራውን ከነድምፁ ቅረጹና ማብራሪያውን ጸጥ ካለ ቦታ ለብቻው ቅዱ። ባለሙያው እንዲቀረጽ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ቪዲዮው ለምን እንደሚውልም ንገሩት።

«ሙያ በልብ ነው» ብሎ ዝም የሚል ሠራተኛስ?

ክፋት ነው ብላችሁ አትጀምሩ። ዕውቀቱን የያዘ ሰው የሚፈራው ነገር አለው። ካስተማርኩ በኋላ ለምን ያስፈልገኛል ይባላል፤ የመስክ አበሉ ወደ ወጣቱ ይሄዳል፤ ወይም ከዚህ ቀደም ያስተማረው ልጅ አለቃው ሆኖ ተሹሞበታል። ይህን ፍርሃት ንግግር አያጠፋውም። የሚያጠፋው ማስተማር ራሱ ሥራ ተብሎ ሲቆጠርለት ነው። በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ሁለት ሰው ማብቃት እንደ አንድ ግብ ይግባ፤ በሳምንት ግማሽ ቀን ከመደበኛ ሥራ ነፃ ይሁን፤ ወረቀቱ ላይ ስሙ ይስፈር። ስም መስፈሩ ቀላል ይመስላል፤ በጎጃም ግን «እገሌ ያስተማረው» መባል ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

በዕውቀት ብዛት ገንዘብ መክፈል አንመክርም። በገጽ የሚከፈለው ገጽ ይጽፋል።

አንድ ቅሬታ ግን ትክክል ነው። ለአሠልጣኝነት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አበል እየተከፈለው፣ 25 ዓመት የሠራው ባለሙያ ያንኑ በነፃ እንዲያስተምር መጠየቅ ያስቀይማል። መሥሪያ ቤቱ ለውስጥ አሠልጣኝ ትንሽም ቢሆን በደንብ የተወሰነ ክፍያ ወይም የትርፍ ሰዓት ቢፈቅድ ነገሩ ይለዝባል።

ባለሙያችን ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ቀርቶታል። ይደርሳል?

ሦስት ወር ያላችሁት በወረቀት ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃዱን ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ወር አንዱ ወይም ከዚያም በላይ እዚያ ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ስድስት ወር ሲቀር መጀመር ነው። ሁለተኛው ማነቆ መደቡ ክፍት ካልሆነ ቅጥር አይፈቀድም የሚለው ነው፤ ተተኪው የሚመጣው አስተማሪው ከሄደ በኋላ ይሆናል። መውጫው ከውስጥ አንድ ሰው በደብዳቤ ወክሎ አጠገቡ ማዋል ነው። ተወካዩ በኋላ መደቡን ባያገኝ እንኳ ለሚያገኘው ያስተላልፋል።

በእጃችሁ ያለው 12 ሳምንት ከሆነ በሚከተለው መንገድ ከፋፍሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አይጻፍ፤ ተተኪው እንደ ጥላ ይከተለው፤ ማታ ማታ ያልገባውን ይመዝግብ። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ከባድ የሆኑት ከሦስት እስከ አምስት ሥራዎች በአንድ አንድ ገጽ ይጻፉ። ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቦታ ይለዋወጡ፤ ወጣቱ ይሥራ፣ ሽማግሌው ወንበር ይዞ ይቀመጥ። የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ ባለሙያ እጁን ሰብስቦ መቀመጥ አይችልበትም፣ «አምጣው እስቲ» ብሎ ይነሣል። አደጋ ካልመጣ በስተቀር እንዳይነካ ተስማሙ። በ11ኛው ሳምንት ሆን ብላችሁ ፈቃድ አስወጡት፤ ስልኩ ክፍት ይሁን። በዚያ ሳምንት የተደወለለት ጥያቄ ሁሉ ያልተላለፈው ዕውቀት ዝርዝር ነው። የመጨረሻው ሳምንት ለዚያ ዝርዝር ይዋል።

በዓመት አንዴ የሚመጣ ሥራ ደግሞ በ12 ሳምንቱ ላይገጥም ይችላል። ክረምት ሲገባ ውሃው ሲደፈርስ ክሎሪን እንዴት እንደሚጨመር፣ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ምን እንደሚቀድም፣ በቆሎ ሲደርስ መጋዘኑ እንዴት እንደሚጸዳ ባለሙያው በቃሉ እንዲያስኬደው አድርጉ። «ሐምሌ ነው እንበል፤ ማለዳ ገባን፤ ከዚያስ?» እያላችሁ ቀኑን እስከ ማታ አስተርኩት።

በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚለቅ ሠራተኛስ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ለመያዝ አትሞክሩ። እሱ ብቻ የሚያውቃቸውን የይለፍ ቃሎች፣ ያልተቋጩ ጉዳዮች፣ የሚደወልላቸውን ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ተረከቡ። ከዚያ አንድ ቀይ ሥራ ምረጡና ተተኪው አብሮት ይሥራ።

ሠራተኛ ሲለቅ በሚያስፈርመው የክሊራንስ ወረቀት ላይ የንብረት ክፍል ፊርማ አለ፣ የፋይናንስ ፊርማ አለ፤ የዕውቀት ርክክብ ፊርማ ግን የለም። አንድ መስመር ጨምሩበት፤ የሚፈርመውም ኃላፊው ሳይሆን ተተኪው ይሁን። ክሊራንሱን መያዣ አድርጋችሁ ግን አታስገድዱ። ተገዶ የጻፈ ሰው ከኢንተርኔት ገልብጦ 30 ገጽ ሰጥቷችሁ ይሄዳል።

ለወጣቱ ወረቀቱን ሰጥተን ብናስጠናውስ?

ለጎጃም ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚሠለጥን የማያውቅ ጥቂት ነው። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ባለቅኔ አይሆንም። አገባቡን ይማራል፤ ከዚያ ለብቻው ወጥቶ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። መነሻውም ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው።

በመሥሪያ ቤትም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ትንሹን ሥራ ሰጥታችሁ ያሠሩት፤ ወዲያው ይታረም፤ ሲችል ቀጣዩ ይሰጠው። የበቆሎ ተቀባዩን ስታሠለጥኑ በመለኪያ የተለኩ 20 ናሙናዎችን በቁጥር ብቻ ምልክት አድርጉባቸው። ሠልጣኙ በእጅና በጥርስ እየፈተሸ «ይገባል፣ አይገባም» ይበል። ከዚያ ከመለኪያው ጋር አስተያዩ። በየቀኑ ለአንድ ሳምንት ሲደጋገም የሳተበት ቦታ ይታወቃል፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከ13 እስከ 15 በመቶ ያሉት ላይ ነው። በነዚያ ላይ ሁልጊዜ መለኪያ እንዲያወጣ መማሩ ራሱ ዕውቀት ነው። መለኪያው ባትሪ ከጨረሰ ደግሞ የጨው ዘዴ አለ። ፍጹም ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ ነው፤ ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው።

የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ሁሉም ጥያቄውን እዚያ ይጠይቃል። አይበቃም?

ለመጠየቅ ጥሩ ነው፤ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም። መልካም መልስ በበዓል ምኞትና በስብሰባ ጥሪ ሥር ይቀበራል። አንድ ሰው በየዓርቡ የሳምንቱን መልሶች ቀድቶ ወደ አንድ ገጾቹ ያስገባ፤ ከሰላሳ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የወረቀት ቅጂም ይኑራችሁ። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ሥራው ያልቆመባቸው ቤቶች ግድግዳቸው ላይ የለጠፉት ነበሩ።

ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጥነውን ፈልገን ማግኘት አልቻልንም። ለምን?

ሁለት ምክንያት በብዛት ይገኛል። አንደኛው፣ ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች በጋራ ከሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነው፤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተርና በስልክ ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል፤ ፍለጋም አያገኘውም። ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። ሁለተኛው የፊደል ምርጫ ነው። አንዱ «ሥራ» ሌላው «ስራ»፣ አንዱ «ውኃ» ሌላው «ውሃ» ይጽፋል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሁለቱን የተለያየ ቃል አድርጎ ነው የሚያየው። በፋይል ስም ላይ አንድ አጻጻፍ ላይ ተስማሙ፤ የስሙን አቀማመጥም አንድ አድርጉ፦ ክፍል፣ ሥራ፣ ዓመተ ምሕረት። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው» የሚሉ ፋይሎች ካሏችሁ ዛሬውኑ አጥፉ።

ይህ ከተሞክሮ ቅመራ በምን ይለያል?

ተሞክሮ ቅመራ፣ ማለትም የተሳካ አሠራርን ጽፎ ለሌሎች ማስፋት፣ በተግባር የሚጻፈው ለወረዳና ለዞን ነው። ስለዚህ የተሳካውን ያጎላል፤ ፎቶ ይበዛበታል፤ የሚሠራውን ሰው ጥያቄ አይመልስም። አስቀድማችሁ የቀመራችሁት ካለ ግን አትጣሉት። ሁለት ርዕስ ጨምሩበት፦ «ይህ የማይሠራው የት ነው?» እና «መጀመሪያ ሞክረን ያልተሳካው ምን ነበር?» እነዚህ ሁለቱ የሌሉበት ተሞክሮ ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ ምክንያቱም የተወሰደው ውጤቱ ነው፣ ሁኔታው አልተወሰደም።

ብልሽት ከደረሰ በኋላ ሁላችንም እንድንማርበት እንዴት እንወያይ?

በመጀመሪያ ስሙን «ግምገማ» አትበሉት። ይህ ቃል በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ጥፋቱን የሚናዘዝበት መድረክ ሆኖ ኖሯል፤ ሲሰማው ሁሉም ይጠነቀቃል። «የሥራ ወግ» በሉት፣ ሌላም በሉት።

በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ሥራው በተሠራበት ቦታ፣ ቆማችሁ፣ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ አራት ነገር ጠይቁ። ምን ሊሆን ታስቦ ነበር? ምን ሆነ? ልዩነቱ ከምን መጣ? በሚቀጥለው ምን እንለውጣለን? ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአሜሪካ ጦር የመጣ ነው። የሚሠራው ግን አንድ ሕግ ከተከበረ ብቻ ነው፦ አለቃው መጨረሻ ይናገራል። እሱ ቀድሞ ምክንያቱን ካስቀመጠ ሌላው ያንኑ ይደግማል። ውጤቱ ቃለ ጉባኤ አይሁን፤ የሚመለከተው አንድ ገጽ ላይ አንድ መስመር ተጨምሮ ወይም ተሰርዞ ይጠናቀቅ። በዚያው የሥነ ሥርዓት እርምጃ የሚወሰድበት ጉዳይ ካለ ለብቻው ይታይ፤ ከዚህ ጋር ከተቀላቀለ ማንም ሁለተኛ እውነቱን አይነግራችሁም።

ዕውቀቱ መተላለፉን በምን እናውቃለን?

በገጽ ብዛት አይደለም። ሥራውን አይቶት የማያውቅ፣ ግን የሙያው መሠረት ያለው ሰው ወረቀቱን ይዞ ይሥራ፤ ባለሙያው አፉን ይዞ አጠገቡ ይቁም። ሠሪው ቆም ያለበት፣ የጠየቀበት፣ የተሳሳተበት ቦታ ሁሉ የወረቀቱ ጉድለት እንጂ የሰውየው አይደለም። ሁለት ጊዜ አርሙት። በሦስተኛው ሰው ላይ ያለ ጥያቄ ካለፈ ደርሷል። ሌላው መለኪያ ቀዮቹ ሥራዎች ናቸው፤ በየስድስት ወሩ ዝርዝሩን አውጥታችሁ ሁለተኛ ሰው ያገኙት ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ይኸው ቁጥር ለሥራ አመራሩም ይበቃል።

የአይኤስኦ ምስክር ወረቀት እየጠየቅን ነው። ይህ ይረዳል?

አዎ። የአይኤስኦ 9001 (የጥራት አመራር ዓለም አቀፍ ደረጃ) የእ.ኤ.አ. 2015 እትም አንቀጽ 7.1.6 ድርጅቱ ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕውቀት እንዲለይ፣ እንዲጠብቅና ለሚያስፈልገው እንዲያደርስ ይጠይቃል። ለዕውቀት አመራር ብቻ የወጣ ደረጃም አለ፤ አይኤስኦ 30401፣ እ.ኤ.አ. 2018። የቀይ ሥራዎቹ ዝርዝር፣ አንድ ገጾቹና የተፈተኑበት ቀን ለኦዲተር የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናሉ። ለኦዲተር ብቻ ተብሎ የተጻፈ ግን ፓምፕ አያስነሣም።

ጡረታ የወጣ ባለሙያችንን መልሰን መጥራት እንችላለን?

ትችላላችሁ፤ በነፃ ግን አይሁን። ማታ ማታ በስልክ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ብቻ» እያላችሁ የምትጠይቁት ሰው አንድ ቀን ስልኩን አያነሣም። በቀን ሒሳብ፣ ለተወሰኑ ቀናት፣ መጓጓዣ ተችሎት በውል ይምጣ። ከመምጣቱ በፊት ጥያቄዎቹ በጽሑፍ ይድረሱት። ሲመጣም መሣሪያውን የሚይዘው ወጣቱ ይሁን፤ እሱ በቃል ብቻ ይምራ። ራሱ ጠግኖላችሁ ከሄደ ብልሽቱ ሲመለስ እንደገና ልትጠሩት ነው። በዚያ ቀን የተማራችሁትን ሳይሄድ አንብቡለት፤ «እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» የሚላት አንዲት ነገር አትጠፋም።